ለሜቻ ግርማ

ለሜቻ ግርማ (ኅዳር 17 ቀን 1993 ዓ.ም. ተወለደ) በ3000 ሜትር መሰናክል የሚወዳደር ኢትዮጵያዊ አትሌት ነው። ሰኔ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ 7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ በመሮጥ የርቀቱን የዓለም ክብረወሰን ሰብሯል። በአንድ ኦሊምፒክና በሦስት የዓለም ሻምፒዮናዎች በመሰናክል አራት የብር ሜዳሊያ አግኝቷል፤ ወርቅ ግን አላገኘም። አትሌቲክስን በቅርብ የማይከታተለው ሰፊ ሕዝብ ለሜቻን ያወቀው በክብረወሰኑ ሳይሆን፣ ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ፍጻሜ መሰናክል መትቶ ሲወድቅ በሚያሳየው አጭር ቪዲዮ ነው። ስለዚህ የእሱ ታሪክ የሩጫ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ አንድ አትሌት በኢንተርኔት ዘመን በምን እንደሚታወስም ያሳያል።

(በዚህ ጽሑፍ ቀናት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል፤ ውድድሮች የሚጠሩበት ዓመት ግን እንደተለመደው እ.ኤ.አ. ነው።)

ትውልድና አካባቢ

ለሜቻ የአርሲ ልጅ ነው፤ የተወለደው በአሰላ አካባቢ ነው። የአርሲ ደጋ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ካለችው ከአሰላ ተነስቶ በደቡብ እስከ በቆጂ፣ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ እስከ ሽርካ ወረዳ ከተማ እስከ ጎበሳ ድረስና ከዚያም ወዲያ ይዘልቃል። ስንዴና ገብስ በብዛት የሚመረትበት፣ አብዛኛው መሬቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለ አገር ነው።

አካባቢው በዓለም የሚታወቀው ግን በሯጮቹ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ የአሰላ ልጅ ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂና ከአካባቢዋ የወጡ የኦሊምፒክ ሻምፒዮኖች ናቸው። በበቆጂ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ብዙዎቹን በልጅነታቸው አሠልጥኗል፤ በአሰላ ደግሞ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ።

የእነዚህ ሯጮች ዝና የተገነባው በ5000 ሜትር፣ በ10,000 ሜትር፣ በማራቶንና በአገር አቋራጭ ነው። ከዚያው መሬት የወጣ አንድ ወጣት በመሰናክል የዓለም ክብረወሰን መያዙ ለአካባቢውም ለአገሪቱም አዲስ ነገር ነበር።

ውድድሩ

የ3000 ሜትር መሰናክል ከሰባት ዙር በላይ የሚፈጅ ሩጫ ሲሆን ተወዳዳሪው በድምሩ 35 ጊዜ ይዘላል። ከእነዚህ 28ቱ ደረቅ መሰናክሎች ናቸው፤ ቀሪዎቹ 7ቱ ከኋላቸው የውኃ ጉድጓድ አላቸው። የመሰናክሉ ቁመት ለወንዶች 91.4 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴቶች 76.2 ሴንቲ ሜትር ነው። የውኃው ጉድጓድ ከመሰናክሉ ሥር ጥልቅ ሆኖ ወደ ፊት እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ አርቆ የዘለለ ሯጭ ያነሰ ውኃ ውስጥ ያርፋል።

ይህን ውድድር ከ110 ሜትርና ከ400 ሜትር መሰናክል የሚለየው ዋናው ነገር የመሰናክሉ አሠራር ነው። በአጭር ርቀት የሚሠራበት መሰናክል ቀላል ነው፤ እግር ሲነካው ይወድቃል። የ3000 ሜትሩ ግን ከ80 እስከ 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወፍራም አግዳሚ ነው፤ በውኃው ላይ ያለው ደግሞ ከመሬት ጋር የተተከለ ነው። በእግር ረግጦ ወይም በእጅ ተደግፎ ማለፍ ይፈቀዳል። ሯጭ ቢመታው ግን መሰናክሉ ከቦታው አይነሳም፤ የሚወድቀው ሯጩ ነው።

አደጋው እየጨመረ የሚሄደው ወደ መጨረሻው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች እግር ትኩስ ነው፣ እርምጃም ይለካል። በመጨረሻው ዙር ግን ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ጉልበት ይደክማል፣ ከፊት ያሉ ሯጮች መሰናክሉን ይጋርዱታል። ከመሰናክሉ ፊት ግማሽ እርምጃ መሳሳት ውድድሩን ሊያስጨርስ ይችላል።

ኢትዮጵያና መሰናክል

ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 2016 ድረስ በተሳተፈችባቸው ኦሊምፒኮች ሁሉ የወንዶችን የ3000 ሜትር መሰናክል ወርቅ ወስዳለች። በረጅም ርቀት ከኬንያ ጋር ትከሻ ለትከሻ የምትፎካከረው ኢትዮጵያ በዚህ ውድድር ለረጅም ጊዜ ከኋላ ነበረች። ከለሜቻ በፊት በወንዶች የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ነሐስ ያገኘው እሸቱ ቱራ ነው።

በሴቶች ሶፊያ አሰፋ በለንደን 2012 ሦስተኛ ሆና ገብታ፣ አንደኛ የወጣችው ሩሲያዊት በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ውጤቷ ከተሰረዘ በኋላ የብር ሜዳሊያ ተሰጥቷታል። በዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2022 ወርቅውሃ ጌታቸው ብር፣ መቅደስ አበበ ነሐስ አግኝተዋል። በ2025 ደግሞ ሲምቦ አለማየሁ ነሐስ አምጥታለች። እስከዚያ ሻምፒዮና ድረስ በወንዶችም በሴቶችም በኦሊምፒክና በዓለም ሻምፒዮና በመሰናክል ወርቅ ያገኘ ኢትዮጵያዊ የለም።

ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የመሣሪያ ጉዳይ ነው። ለረጅም ርቀት ሩጫ ጎዳና፣ ጫካና ዳገት ይበቃሉ። ለመሰናክል ግን ደረጃውን የጠበቀ አግዳሚ፣ የውኃ ጉድጓድ ያለው መም እና የአዘላለል ዘዴን የሚያስተምር አሠልጣኝ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ምክንያት የልማድ ነው፤ ልጆች የሚከተሉት ከፊታቸው ያለውን አርአያ ነው፤ የአርሲ አርአያዎች ደግሞ የሜዳና የጎዳና ሯጮች ነበሩ።

አራት ብር፣ 4.28 ሰከንድ

ለሜቻ በዓለም መድረክ የታየው እ.ኤ.አ. በ2019 በዶሃ የዓለም ሻምፒዮና ነው። መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በተካሄደው ፍጻሜ ገና 18 ዓመቱ ነበር። ከእሱ ጋር እስከ መጨረሻው የተናነቀው የሪዮ ኦሊምፒክና የ2017 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኬንያዊው ኮንሰስለስ ኪፕሩቶ ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን መስመሩን ሲያልፉ ማን እንደቀደመ በዓይን መለየት አልተቻለም። በፎቶ ሲታይ ኪፕሩቶ በአንድ መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ ተገኘ። በዚያው ውድድር ሌላው ኢትዮጵያዊ ጌትነት ዋለ አራተኛ ወጥቷል።

ከዚያ በኋላ በለሜቻ ፊት የቆመው ሞሮኳዊው ሶፊያን ኤል ባካሊ ነው። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ኤል ባካሊ የኬንያን የአሥርት ዓመታት የበላይነት ሲያበቃ ሁለተኛው ለሜቻ ነበር። በዩጂንና በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮናዎችም ቅደም ተከተሉ ያው ሆነ።

• ዶሃ 2019፦ ኪፕሩቶ 8:01.35፣ ለሜቻ 8:01.36፤ ልዩነት 0.01 ሰከንድ
• ቶኪዮ 2020 (በ2021 የተካሄደ)፦ ኤል ባካሊ 8:08.90፣ ለሜቻ 8:10.38፤ ልዩነት 1.48 ሰከንድ
• ዩጂን 2022፦ ኤል ባካሊ 8:25.13፣ ለሜቻ 8:26.01፤ ልዩነት 0.88 ሰከንድ
• ቡዳፔስት 2023፦ ኤል ባካሊ 8:03.53፣ ለሜቻ 8:05.44፤ ልዩነት 1.91 ሰከንድ

አራቱ ልዩነቶች ሲደመሩ 4.28 ሰከንድ ይሆናሉ። በአራት ዓመት ውስጥ በአራት ታላላቅ ውድድሮች ለሜቻን ከወርቅ የለየው ይህ ብቻ ነው። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 በቤልግሬድ የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና በ3000 ሜትር ያለ መሰናክል በአገሩ ልጅ በሰለሞን ባረጋ በ0.25 ሰከንድ ተቀድሞ ሌላ ብር አግኝቷል።

የሻምፒዮናዎቹ ሰዓቶች አንድ ሌላ ነገርም ያሳያሉ። ዩጂን ላይ የተሮጠው ከዶሃው በ24 ሰከንድ ገደማ የዘገየ ነው። በሻምፒዮና አሯሯጭ የለም፤ ሯጮች እየተጠባበቁ ይሄዱና በመጨረሻው ዙር ይፈነዳሉ። ኤል ባካሊ በዚህ ዓይነቱ አጨራረስ የተካነ ነው። የለሜቻ ጉልበት ይበልጥ የሚታየው ግን ሩጫው ከመጀመሪያው ፈጣን ሲሆን ነው። በክብረወሰን አንደኛ፣ በሻምፒዮና ሁለተኛ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለቱ ክብረወሰኖች

2015 ዓ.ም. የለሜቻ ምርጥ ዓመት ነበር። የካቲት 8 ቀን በፈረንሳይ ሊዬቫን ከተማ የቤት ውስጥ 3000 ሜትርን በ7:23.81 ሮጦ የዓለም ክብረወሰን አስመዘገበ። የተሻሻለው ሰዓት ኬንያዊው ዳንኤል ኮመን እ.ኤ.አ. በ1998 ያስመዘገበው 7:24.90 ሲሆን 25 ዓመት የቆየ ነበር። ይህን የለሜቻን ክብረወሰን አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 በ7:22.91 ሰብሮታል።

ከሊዬቫን አራት ወር ገደማ በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን፣ በፓሪስ ዳይመንድ ሊግ ተራው የመሰናክል ሆነ። የርቀቱ ክብረወሰን በኬንያ ተወልዶ ለኳታር ይሮጥ የነበረው ሳይፍ ሰኢድ ሻሂን እ.ኤ.አ. በ2004 ብራሰልስ ላይ ያስመዘገበው 7:53.63 ነበር። ለሜቻ በ7:52.11 ገብቶ ለ19 ዓመታት ገደማ የቆየውን ሰዓት በ1.52 ሰከንድ አሻሻለ።

በዚያች ምሽት በዚያው ስታዲየም ኬንያዊቷ ፌዝ ኪፕዬጎን የሴቶችን 5000 ሜትር፣ ኖርዌያዊው ያኮብ ኢንገብሪግትሰን ደግሞ የሁለት ማይልን የዓለም ምርጥ ሰዓት ሰብረዋል። በአንድ ምሽት ሦስት ታሪካዊ ሰዓቶች ስለተመዘገቡ የዓለም ዜና ለሦስት ተከፈለ። የለሜቻ ሩጫ ያገኘው ትኩረትም ብቻውን ቢሆን ሊያገኝ ከሚችለው ያነሰ ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለቱ ክብረወሰኖች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የለሜቻን ችሎታ በቁጥር ያሳያሉ። ርቀቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ 28.30 ሰከንድ ነው። ይህ ለ35 መሰናክሎች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 0.81 ሰከንድ ያህል ይደርሳል። የቤት ውስጥ መምና የውጭ መም አንድ ባለመሆናቸው ስሌቱ ግምታዊ ነው። ቢሆንም 91.4 ሴንቲ ሜትር አግዳሚ መዝለልና ሰባት ጊዜ ውኃ ውስጥ ማረፍ ለአንድ ሯጭ በአማካይ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ዋጋ ማስከፈሉ የአዘላለሉን ጥራት ይመሰክራል።

የፓሪሱ ውድቀት

ለሜቻ ወደ ፓሪስ ኦሊምፒክ የሄደው የክብረወሰኑ ባለቤት ሆኖ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በተካሄደው ፍጻሜ እስከ መጨረሻው ዙር ከመሪዎቹ ጋር ነበር። ደወሉ ሲደወል አሜሪካዊው ኬኔት ሩክስ ሳይታሰብ ወደ ፊት ተፈተለከ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ወደ 200 ሜትር ገደማ ሲቀር የለሜቻ እግር መሰናክሉን መታ። ለሜቻ በግንባሩ ወደ ፊት ተወርውሮ መሙ ላይ ወደቀ፤ ከወደቀበትም አልተንቀሳቀሰም።

ውድድሩ ቀጠለ። ኤል ባካሊ በ8:06.05 ወርቁን ደገመ፤ ሩክስ በ8:06.41 ብር፣ ኬንያዊው አብርሃም ኪቢዎት በ8:06.47 ነሐስ አገኙ። በዚህ ርቀት በተከታታይ ሁለት ኦሊምፒክ ያሸነፈ ሰው ከኤል ባካሊ በፊት የነበረው እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1936 ያሸነፈው ፊንላንዳዊው ቮልማሪ ኢሶ-ሆሎ ብቻ ነው። የስታዲየሙ ዓይን ግን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የሕክምና ባለሙያዎች የለሜቻን አንገት ደግፈው በቃሬዛ ይዘውት ወጡ። ወደ ሆስፒታል ከተወሰደ በኋላ ራሱን እንዳወቀና እያገገመ እንደሆነ ተገለጸ።

ምስሉ በኢንተርኔት

በውድቀቱና በዚያ መግለጫ መካከል ሰዓታት አለፉ። በእነዚያ ሰዓታት ቪዲዮው በማኅበራዊ ሚዲያ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። በኢትዮጵያ ብዙዎች ውጤቱን ትተው ስለ ሕይወቱ ይጠይቁ ነበር። ቪዲዮው ለጥያቄያቸው መልስ አልነበረውም፤ መውደቁን አሳይቶ ያቆማልና።

አጭር ቪዲዮ የሚመርጠው በሰከንዶች ውስጥ የሚያልቅን ነገር ነው። የዓለም ክብረወሰኑ ሊታይ ስምንት ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል፤ ትርጉሙ እንዲገባም የሻሂንን ሰዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ውድቀቱ ግን አስተርጓሚ አይሻም። ስለዚህ የሁለቱ ስርጭት እኩል ሊሆን አይችልም። በሁለቱ መካከል ግን ሌላ ልዩነት አለ፤ ክብረወሰኑ ለሜቻ ዓመታት የለፋበት ሥራ ሲሆን ውድቀቱ ግን በእሱ ላይ የደረሰ አደጋ ነው።

በዚያው ፍጻሜ ብር ያገኘው ሩክስ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሻምፒዮና በዚሁ ርቀት ወድቆ፣ ተነስቶ፣ ሁሉንም ደርሶባቸው አሸንፏል። የዚያ ውድድር ቪዲዮም በኢንተርኔት በሰፊው ታይቷል። ሁለቱም ሯጮች ከስፖርቱ ውጪ የታወቁት በመውደቅ ነው። የሩክስ ቪዲዮ ግን በድል ስለሚያበቃ ለሰው መጽናኛና ምሳሌ ሆነ፤ የለሜቻ ሊነሳ ባልቻለበት ቦታ ላይ ይቆረጣል።

ሌላው ማነጻጸሪያ ብራዚላዊው የ400 ሜትር መሰናክል ሯጭ አሊሰን ዶስ ሳንቶስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዩጂን በ46.29 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ይህ አትሌት፣ ከውጤቱ እኩል የሚታወቀው ከውድድር በፊት በሚያሳየው ጭፈራና በተጫዋችነቱ ነው። እሱን ተወዳጅ ያደረገው ምስል ራሱ የፈጠረው ነው። በስፋት የተሰራጨው የለሜቻ ምስል ግን እሱ የመረጠው አይደለም፤ ሲቀረጽ እንኳ ራሱን አያውቅም ነበር።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ አትሌቶች ሁሉ ትርጉም አለው። «አረንጓዴው ጎርፍ» ተብሎ በሬዲዮና በቴሌቪዥን በተዘመረለት ዘመን የሯጭ ስም የሚገነባው ሙሉውን ውድድር በሚያስተላልፍ ጋዜጠኛ ድምፅ ነበር። ያ አድማጭ ሁለተኛ የወጣውንም፣ ለቡድኑ ሲል የለፋውንም በስም ያውቅ ነበር። ዛሬ ብዙው ተመልካች የሚያገኘው ቁራጩን ነው። ቁራጩ ደግሞ ወይ ድልን ወይ ውድቀትን ይዞ ይመጣል፤ በ0.01 ሰከንድ የታጣ ወርቅ ለሁለቱም አይመችም።

ከፓሪስ በኋላ

ለሜቻ ወደ መሰናክል ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ2025 በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ለፍጻሜ የደረሰ ሲሆን መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በተካሄደው ውድድር ከሜዳሊያ ውጪ ሆኗል። ኤል ባካሊም በዚያ ቀን አልቀናውም፤ የኒው ዚላንዱ ጆርዲ ቢሚሽ በ8:33.88 ገብቶ በ0.07 ሰከንድ ቀድሞታል። ቢሚሽ በማጣሪያው ወድቆ ተነስቶ ነበር ለፍጻሜ የበቃው። መውደቅ በዚህ ስፖርት ምን ያህል ለሁሉም ቅርብ እንደሆነ ይህ ያሳያል።

የቶኪዮ ፍጻሜ የሚታየው በሜዳሊያ ዓይን ከሆነ ለለሜቻ ሽንፈት ነው። ከአንድ ዓመት ከአንድ ወር በፊት ከመሙ በቃሬዛ የወጣ ሰው እንደገና 35ቱን መሰናክሎች በዓለም ፍጻሜ ሲዘል መታየቱ ግን በውጤት ሰንጠረዥ የማይገባ ነገር ነው። ያ ሩጫ የፓሪሱን ያህል ተመልካች አላገኘም።

እስከ 2025 የውድድር ዘመን ማብቂያ ድረስ የ7:52.11 ክብረወሰን አልተሰበረም። ለሜቻ በዚያን ጊዜ 25 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የመሰናክል ወርቅም ገና አልመጣም።